ድልድዩ የት ይሁን?

የካቲት 9 ቀን 1973፣ ሰኞ

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። አማዞንን አፍሪካ ውስጥ ያፈሰሱት አራት ናቸው። አምና ሰባት ነበሩ... መሻሻል አለ።

ከሰዓት በኋላ ከፊት የምትቀመጠው ደሚቱ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ከልደታ በታች ያለው የኛ ወንዝ ርዝመቱ ስንት ነው?"

ሃያ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የኮንጎን ርዝመት ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ ሳልደናቀፍ እናገራለሁ። ከጓሮዬ ያለውን ግን... "የቤት ሥራ ይሁናችሁ፣ ጠይቃችሁ ኑ" አልኩ። የድሮ ዘዴ ናት። ልጆቹም ያውቋታል፣ ተሳሳቁ።

ለማናለብሽ ነገርኳት። ሚስት ናትና ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። "ሽታው ነው እንጂ ርዝመቱ ማንን ቸገረ?" አለችኝ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ቀበሌ ተጠራሁ። ምን አጥፍቼ ይሆን? ሁለት ስብሰባ ቀርቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጉንፋን ይዞኛል ብያለሁ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ዱጉማ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። አናጢ ነበር። ዛሬም ሲናገር ጠረጴዛውን በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ ሸካራ ካገኘ ንግግሩን ያቋርጣል። አሮጌ የባቡር ሐዲድ ተፈቅዶልናል አለኝ። የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ነው! ሠራተኛው ሕዝቡ፣ በዘመቻ።

"ጓድ ሀብተሥላሴ፣ ጥናት እንፈልጋለን። የወንዙ ታሪክ፣ የወንዙ ጂኦግራፊ። ድልድዩ የት መሆን እንዳለበት በሳይንስ ይንገሩን። ሐዲዱ የሚሰጠን አንድ ጊዜ ነው። ከተሳሳትን ሁለተኛ የለም።"

እሺ አልኩ። ደስ ብሎኛል፣ ለራሴ ምን እዋሻለሁ? በጠመኔ ስንት ወንዝ ስያለሁ። ለእውነተኛ ወንዝ የተፈለግሁት ገና ዛሬ ነው።

ደግሞም የራሴ ጉዳይ አለበት። ልጄ እንዳለች ያገባችው ከወንዙ ማዶ ነው። ነሐሴ ላይ ትወልዳለች፣ የመጀመሪያዋ ነው። ጤና ጣቢያው በኛ በኩል ነው። ነሐሴ ውስጥ ወንዙ ሲሞላ በአስፋልቱ ድልድይ ዞሮ መምጣት አንድ ሰዓት ተኩል ጭቃ ነው። ምጥ ይዟት? አይሆንም። ድልድዩ መሠራት አለበት፣ ክረምቱንም መቻል አለበት።

የካቲት 15፣ እሁድ

ወንዙ ወረድኩ። ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው። እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር ወርጄ አላውቅም... ያሳፍራል።

በየሜትሩ የቋጠርኩትን ገመድ ይዤ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አድርጌ ነበር የሄድኩት። ልብስ አጣቢዎቹ አይተውኝ እርስ በርስ ተጠቃቀሱ። እንዶድ እየወቀጡ ነው፤ ከቀበሌ ሱቅ ሳሙና ከጠፋ ወር አልፎታል። አለቃቸው ወይዘሮ ትርፌ ናቸው፣ ስልሳ የሚሆናቸው፣ ከአርባ ዓመት በላይ እዚህ ያጠቡ።

"እማማ ትርፌ፣ የወንዙ ስፋት ስንት ይሆናል?" አልኳቸው፣ ደብተሬን ገልጬ።

"እንዳመሏ ነው።"

"ጥልቀቱስ?"

"እሱም እንዳመሏ።"

"እንዳመሏ" ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ለጥናት አይሆንም። ከዚያ ስሻገር አዳለጠኝና እስከ ጉልበቴ ገባሁ። "ጥልቀቱን አገኘኸው!" አሉ እማማ ትርፌ። ሳቃቸው እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

የካቲት 22፣ እሁድ

እንዳለች ዘንድ ሄድን። ሆዷ ገፋ ማለት ጀምሯል። ባሏ አዱኛ ውሃ እንኳ ሊያስቀዳት አይፈልግም፣ እሷም ታዝዛዋለች፣ አጋጣሚውን አግኝታ።

አማቷን ኦቦ ጃርሶን ስለ ወንዙ ጠየቅኳቸው። አያት ቅድመ አያታቸው እዚያው ማዶ ነው የኖሩት። አንገታቸውን እየነቀነቁ "ወንዝ ሽማግሌ ነው፣ መንገዱን አይረሳም" አሉኝ። አባባል ነው፣ ያምራል። ጥናት ውስጥ ግን የት አገባዋለሁ?

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

የመሠረተ ትምህርት ክፍሌ ውስጥ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? እማማ ትርፌ! ከአስር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ ማክሰኞና ሐሙስ። እጃቸው ውሃ የቆረጠው ነው፣ እርሳሷን እንደ እንጨት ጨብጠው ይጫኗታል። "ለ" ጻፉ። ሁለተኛዋ ላይ እርሳሷ ተሰበረች። "የኔ እጅ ካኪ ሱሪ የለመደ ነው፣ ቀስ በል" አሉኝ፣ ጥፋቱ የኔ ይመስል።

መጋቢት 20፣ እሁድ

ጥናቱ እየወፈረ ነው። ወንዛችን ከእንጦጦ ይነሳል፣ በልደታ ጓሮ ያልፋል፣ ትንሹ አቃቂን ይቀላቀላል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ አፋር ምድር ገብቶ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ባሕር አይደርስም። የእማማ ትርፌ የእንዶድ አረፋ ባሕር ሳያይ በረሃ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ይህን ለማናለብሽ አነበብኩላት፣ ድስት እያማሰለች "ወይ ጉድ!" አለች። ከልቧ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዋናው ነገር፦ ዳርና ዳሩ የሚቀራረበው ከቀበሌው አዳራሽ ጓሮ ነው። ሰባት ሜትር ከሠላሳ። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ከላይ፣ ጥቁሩ ድንጋይ የሚባለው ቋጥኝ ዘንድ ዘጠኝ ሜትር ነው። ሳይንስ ተናገረ! ጓድ ዱጉማም የሚፈልገው አዳራሹ ጋ ነው፣ ለምረቃ ያምራል ብሎ።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ጥናቴን በስብሰባ አነበብኩ። አሥራ አንድ ገጽ። ከኋላ ያንቀላፋ ነበረ፣ አይቻለሁ፣ ግን "ሰባት ሜትር ከሠላሳ!" ስል ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ግራ እጅ ተነሳ፣ መፈክር ተባለ። ጓድ ዱጉማ አቀፈኝ።

ደረቴ ተነፍቶ ገባሁ። ማናለብሽ "ኮትህን አውልቅ፣ ቁልፉ ሊበጠስ ነው" አለች።

ሚያዝያ 4

ሰው ሁሉ መንገድ ላይ "መምህር!" እያለ ቆብ ያነሳልኛል። ደስ ይላል።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ፣ ልደታ

ምነው ዛሬን ቤቴ በቀረሁ... አይ፣ እንኳን ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰፈሩ ንፍሮውንና ዳቦውን ይዞ፣ እንደ ልማዱ ደጅ ወጣ። ዘንድሮ ሰፋ ያለ ቦታ ይሻላል ተብሎ አዳራሹ ጓሮ፣ ከዛፉ ሥር ሆነ። እዚያ የተደረደሩ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ። ለስብሰባ ተራ ስንጠብቅ የምንቀመጥባቸው ናቸው፣ እኔ ራሴ ስንቴ ተቀምጬባቸዋለሁ። መሃላቸው ጎድጎድ ያለ ነው፣ ለመቀመጫ ይመቻል።

እማማ ትርፌ መጡና ሦስተኛዋን በእጃቸው ጠርገው፣ ከመቀመጣቸው በፊት ሳሟት። ድንጋይ ሳሙ!

"ምነው እማማ?"

"የናቴ ናት። የወለተሰንበት ድንጋይ።"

"የምን ድንጋይ?"

"ማጠቢያዋ ነዋ! መሃሏን አታየውም? ልብስ ነው የበላት።" ከዚያ አስረዱኝ። እያንዳንዷ አጣቢ ድንጋይ አላት። ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። ባለቤቷ ሳትፈቅድ ሌላ ሰው አያጥብበትም፣ በዚህ የተጣላ ለቅሶም አይደራረስም።

ንፍሮውን አስቀመጥኩ። "ታዲያ... ማን እዚህ አመጣት?"

ከት ብለው ሳቁ። "ይህን የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ የሚዞር ማን አለ? ድንጋይዋማ እዚሁ ናት። የሄደችው ወንዟ ናት!"

ጣልያን ነው አሉ። እሳቸው ያኔ ኮረዳ ናቸው። ለመኪና ማቆሚያ ሜዳ ፈልጎ አዲስ ቦይ ቆፈረ፣ አሮጌውን በአፈር ደፍኖ ወንዟን ወደዚያ ገፋት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ፣ እኔ ሰፈሩ ሳልገባ፣ ሦስት ክረምት ተመልሳ መጥታለች። "ዘመድ ጥየቃ" አሉ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ። ድምፄ ሳይለማመጥ አልቀረም።

"ስፋቷን ነበር የጠየቅከኝ። የት እንደነበረች መች ጠየቅከኝ?"

ግንቦት 2፣ እሁድ

ጠዋት ሰው ሳይበዛ አካፋ ይዤ ሄድኩ። ለዘበኛው ለአትክልት አፈር ልወስድ ነው አልኩ። ክንድ ያህል ሳልቆፍር አሸዋ፣ ከዚያ ድቡልቡል ጠጠር። ለሃያ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነው፦ "ድቡልቡል ጠጠር ውሃ የተመላለሰበት ምልክት ነው።"

ሰባት ሜትር ከሠላሳ የጠበበው ሰው ስለቆፈረው ነው። ዳሩ ድልድል አፈር ነው። ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ዳሩን ጥሶ በአሮጌው መንገዱ በአዳራሹ ጓሮ ይሄዳል፣ ድልድዩ መሃል ላይ ብቻውን ይቀራል... ወይም ይወድቃል። እንዳለች እላዩ ላይ ሆና ቢሆንስ?

ኦቦ ጃርሶ ነግረውኝ ነበር። አባባል ነው ብዬ ተውኩት።

ግንቦት 5

ለጓድ ዱጉማ አልነገርኩም።

ግንቦት 6

ዛሬም። መንገድ ላይ አራት ሰው ቆብ አነሳልኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ግንቦት 7፣ ዓርብ

ለማናለብሽ ብቻ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። "ልጄን በጭብጨባ ላይ ልታሻግራት ነው?" አለች።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ነገርኩት። ጓድ ዱጉማ ጠረጴዛውን መዳበሱን ተወ። "ሕዝብ ያጨበጨበለትን ጥናት?" አለ። የምረቃው ሰሌዳ በቀይ ቀለም ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ገና አልደረቀም። "ጓድ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን ነገ አንዱ ተነስቶ ስህተት አይደለም፣ አሻጥር ነው ቢልስ? ይቺ ቃል ከወጣች አትመለስም።"

ዘንድሮ ይቺ ቃል ታሳስራለች እንጂ ቀልድ አይደለችም። ቢሆንም አልተቆጣኝም። እሁድ ሳምንት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለ፣ ራስዎ ይንገሩት አለኝ። ስወጣ ከኋላዬ "በጥቁሩ ድንጋይ ሐዲዱ ይደርሳል?" አለ። ይደርሳል። ሐዲዱ አሥር ሜትር ነው። አናጢነቱ ሊቀመንበርነቱን አሸነፈው መሰለኝ።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

የነገውን አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ማናለብሽ ሸሚዜን እየተኮሰች ነው። "እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው" አለች። የት እንደሚመሽብኝ ነው ያስፈራኝ እኮ!

ግንቦት 16፣ እሁድ

አለፈ።

ቆምኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። "ጓዶች፣ ሃያ አራት ዓመት ያላየሁትን ወንዝ አስተምሬ፣ ያየሁትን ተሳሳትኩ" አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ አዳነኝ። ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ጣልያን ቦይ፣ ስለ ድንጋዮቹ ተናገርኩ። "የተቀመጥንበትን ሳላይ ገመድ ይዤ ዞርኩ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው፤ እማማ ትርፌን መጠየቅ ነበረብኝ።"

ከኋላ አንዱ "ያኔ ያስጨበጨቡን ምን ነበር ታዲያ? ማነው እንዲህ ያስባላቸው? አሻጥር እንዳይሆን!" አለ። ጓድ ዱጉማ ቀና አለና መልሶ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

እማማ ትርፌ ተነሱ። ደብተራቸውን ገለጡ። ሦስት ወር ያልሞላ ተማሪ! ጣታቸውን እያስኬዱ "ወን... ዟ... እዚህ... ነበ... ረች" ብለው አነበቡ። ማን አስተማራቸው ይህን ዓረፍተ ነገር? እኔ አይደለሁም። ለራሳቸው ነው የጻፉት። ከዚያ ደብተሩን እጥፍ አደረጉት። "የቀረውን በአፌ ልናገር፣ ፊደል ጊዜ ይፈጃል። የናቴ ድንጋይ በአሻጥር እዚያ አልተቀመጠችም። የተጠራጠረ ይውጣና ያንሳት!"

ሁለት ጎረምሶች የምር ወጥተው ሞከሩ። አልነቃነቋትም። ሕዝቡ በመስኮት እያየ ይስቃል። ጠያቂውም ሳቀ።

እጅ ወጣ። ድልድዩ ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ይሁን ተባለ። ጭብጨባው እንደ ሚያዝያው አልነበረም። እኔም እንደዚያ አልተነፋሁም። ቀለለኝ ግን፣ ሩጥ ሩጥ አለኝ።

ሰኔ 13፣ ቅዳሜ

ዘመቻ። እኛ ከዚህ፣ የማዶዎቹ ከዚያ። ኦቦ ጃርሶ ከማዶ ሆነው "መምህር፣ ዛሬ ገመዱ የለም?" እያሉ ይጮሁብኛል። እኔም "ሽማግሌ ዛሬ ድንጋይ ይሸከማል እንዴ?" እላለሁ። ሁለታችንም ከሌላው ቀድመን አላርፍም ብለን ወገባችን ተቆረጠ። ጓድ ዱጉማ ኮቱን አውልቆ፣ መጋዝ ይዞ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ... እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። የምረቃውን ሰሌዳ ገልብጦ ለእጅ መደገፊያ ጣውላ አደረገው።

ሰኔ 28፣ እሁድ

ተመረቀ። መጀመሪያ ማን ይሻገር ተባለ። ሊቀመንበሩ ይጠበቅ ነበር። እሱ ግን እማማ ትርፌን አስቀደማቸው። የልብስ እስራቸውን እንደተሸከሙ ተሻገሩና ምንም ሳይሉ ተመለሱ። "ማዶ ጉዳይ የለኝም፣ ላየው ብዬ ነው" አሉ።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

መጽሐፋችን አዲስ አበባ በሐሩር ክልል ያለች ከተማ ናት ይላል። ደራሲው ሐምሌ ላይ ልደታ ይምጣ። ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው የምጽፈው።

ዝናቡ በርትቷል። በየቀኑ ወርጄ አያለሁ። ድልድዩ ይቆማል? ከአሁን ወዲያ ስህተቴን የምነግርበት ስብሰባ የለም። የሚፈርደው ነሐሴ ነው።

ነሐሴ 10፣ እሁድ

መጣች!

ሌሊቱን ሲጥል አደረ። ጠዋት ጩኸት ሰምተን ወጣን። ወንዟ በሰባት ሜትር ከሠላሳው ላይ ዳሩን ጥሳለች፣ ሦስት ቤት የሚያህል አፈር ይዛ። በአሮጌው መንገዷ በአዳራሹ ጓሮ ትሄዳለች። ድንጋዮቹ ሁሉ ውሃ ውስጥ ናቸው። ጓድ ዱጉማ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ መዝገቦቹን ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ ከአዳራሹ ወጣ። አየኝ። ተያየን። "ሰባት ሜትር ከሠላሳ!" አለና ሳቅ ጣለው፣ አንዱ መዝገብ ውሃ ገባ።

ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ሮጥኩ። ድልድዩ ቆሟል። ውሃው ከሥሩ ሁለት ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ያጓራል። ሐዲዱን በእጄ ያዝኩት፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ ንቅንቅ አላለም። አለቀስኩ። ዝናብ ነበር፣ ማን ያውቃል።

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኦቦ ጃርሶ ከማዶ "መምህር! እየመጣን ነው!" ብለው ጮኹ።

እኔና ማናለብሽ ደረስን። አዱኛ ከፊት ነው፣ እጇን ይዞ ወደ ኋላው እየተራመደ። እናቱ ከኋላዋ። እንዳለች መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። የእጅ መደገፊያውን ጨበጠች፣ አንገቷን ደፋች። ከሥሯ ውሃው የሰው በር ተሸክሞ ያልፋል።

"ምን ሆነች? ለምን አትመጣም?"

"ምጡ ነው። ይለፍላት፣ ዝም በል" አለች ማናለብሽ።

የመደገፊያውን ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩት፣ እኔ ከለቀቅኩት የሚወድቅ ይመስል። ማዶ ኦቦ ጃርሶም ያንኑ ይዘው ቆመዋል።

ቀና አለች። ፊቷ በላብ ወዝቷል። "አባዬ፣ ድልድይህ ይወዛወዛል" አለችና መጣች፣ በእግሯ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሷ ምጡ ስንት ስንት ደቂቃ እየቆየ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ሰዓት እጄ ላይ ነበር። አላየሁትም።

ነሐሴ 14፣ ሐሙስ

ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እኛው ቤት ገብተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰው ሁሉ ስንት ኪሎ ናት ይለኛል። ነርሷ ነግራኝ ነበር፣ ጠፋኝ። የቀበሌውን ወንዝ ሦስት ጊዜ የለካሁ ሰውዬ የልጅ ልጄን ክብደት አላውቅም! ከባድ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ታቅፌአት እጄ ዝሏል። ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። ኦቦ ጃርሶ በዚያ ድልድይ ለዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ተሻግረው መጥተዋል፤ አሁንም በር ላይ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ይጠብቁ።